ገንዘቡ ደረሰ፤ ሰዎቹስ?

በ17 እ.ኤ.አ. በታናሽ እስያ የነበሩ ዐሥራ ሁለት ከተሞች በአንድ ሌሊት በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሱ። ክፉኛ የተጎዳችው ሰርዴስ ነበረች፤ የዮሐንስን ራእይ ያነበበ ሰው ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ አድርጎ የሚያውቃት ሰርዴስ። ንጉሠ ነገሥቱ ጢባርዮስ 10 ሚሊዮን ሴስተርስ ሰጣት፤ የአምስት ዓመት ግብርም ማራት። ታሪክ ጸሐፊው ታኪተስ እንደሚለው የሮም ሸንጎ ማርቆስ አቴዮስ የተባለ ሹም መርጦ፣ ጉዳቱን በዓይኑ አይቶ ከተሞቹን እንዲያቋቁም ላከው። ለተጎዳ የከተማ አስተዳደር ገንዘብ መስጠት፣ ግብር መማር፣ ተቆጣጣሪ መላክ፤ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎት የአሠራሩ አጽም እምብዛም አልተለወጠም።

ስለ ውጤቱ የሚመሰክረው ግን ሳንቲም ነው። አደጋው ከደረሰ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ሮም ባወጣችው የናስ ገንዘብ ላይ ጢባርዮስ በወንበሩ ተቀምጦ ይታያል፤ ዙሪያውን የተቀረጸው ጽሑፍ የእስያ ከተሞች እንደገና መቆማቸውን ያውጃል። የሰጠውም የመሰከረውም አንድ ሰው ነው። ሰርዴስ ውስጥ ሱቁ የፈረሰበት ነጋዴ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ ሳንቲሙ አይናገርም። እኔን የሚያሳስበኝ ያ ነጋዴ ነው። ለአካባቢ አስተዳደሮች የተሰጠ የማቋቋሚያ ድጎማ ምን እንዳፈራ ለማወቅ ሰዎች በየዘመኑ ምን ቆጠሩ? ማንን ጠየቁ? ተመልሰው የሄዱትስ መቼ ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተመልሶ ለመጠየቅ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የፖርቱጋል ነው። በኖቬምበር 1 ቀን 1755 መንቀጥቀጥ፣ እሳትና ማዕበል ተከታትለው ሊዝበንን አወደሙ። በሦስተኛው ዓመት፣ በ1758፣ በመላ አገሪቱ ላሉ የአጥቢያ ካህናት ረዥም መጠይቅ ተላከ። ስንት ምእመን አለ፣ ምን ይመረታል፣ ወንዙ ወዴት ይፈስሳል የሚሉ ጥያቄዎች ሞልተውበታል። በመካከላቸው ግን አንድ ለየት ያለ ጥያቄ አለ፤ አጥቢያው በ1755ቱ መንቀጥቀጥ ምን ፈረሰበት፣ የፈረሰውስ ታድሷል ወይ የሚል። መልሶቹ ዛሬም ቶሬ ዱ ቶምቡ በተባለው ቤተ መዛግብት ተጠርዘው ይገኛሉ። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መጠየቁም ብልህነት ነበር። የጠየቀው ግን ስለ ግድግዳ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ካገባ ደብሩ ዳነ ማለት ነው፤ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን መልሶ አቃጥሎ እንደሆነ መጠይቁ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ስለ ዳቦ ጋጋሪው በቁም ነገር የተጠየቀው ከ150 ዓመት በኋላ ነው። በኤፕሪል 18 ቀን 1906 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ሳን ፍራንሲስኮ ተናወጠች፤ ተከትሎ የተነሣው እሳት ለቀናት ነድዶ ወደ 28,000 የሚጠጉ ሕንፃዎችን በላ። 400,000 ከሚሆነው ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት አልባ ሆነ። ከየአቅጣጫው ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ እርዳታ ተሰበሰበ። ወዲያው የተነሣው ጥያቄ ግን ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ የሚል ነበር። የከንቲባ ዩጂን ሽሚትዝ አስተዳደር በጉቦ ስሙ የጎደፈ ስለነበር (ከንቲባው ራሳቸው በተከታዩ ዓመት ችሎት ፊት ቆመው ተፈርዶባቸዋል፤ ፍርዱ ኋላ ቢሻርም) ገንዘቡ በቀድሞው ከንቲባ በጄምስ ፌላን የሚመራ ኮሚቴ ከቀይ መስቀል ጋር ሆኖ እንዲያስተዳድረው ተደረገ። ከማዘጋጃ ቤቱ በላይ ዘልሎ የሚሄድ እርዳታ ያኔም ነበር ማለት ነው።

ኮሚቴው ከድንኳንና ከሾርባ አልፎ ከ5,600 በላይ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች ሠራ። ለስፌት መኪና፣ ለአናጺ መሣሪያ፣ ትንሽ ሱቅ ለመክፈት የሚሆን ገንዘብም ሰጠ። ያንን ጊዜ ከቀደሙትና ከብዙዎቹ ተከታዮቹ የሚለየው ግን ኋላ የመጣው ነው። በ1907 የተመሠረተው የራስል ሴጅ ፋውንዴሽን ሥራው እንዲመረመር ገንዘብ መደበ። ስድስት ጸሐፊዎች ተከፋፍለው የሠሩት ዳጎስ ያለ ጥናት በ1913 ታተመ፤ ከጸሐፊዎቹ አንዷ ኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር የሆነችው ጄሲካ ፔይሾቶ ነበረች። አጥኚዎቹ የማመልከቻ መዝገቦቹን አገላብጠው ብቻ አልተመለሱም። ገንዘብ የወሰዱትን ሰዎች እየፈለጉ ሄዱ። የተከፈተው ሥራ አለ ወይስ ተዘግቷል? ቤተሰቡ አሁን በምን ይተዳደራል? ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ጥናት ነው፤ ይሁንና ዛሬ በቢሊዮን ስለሚቆጠር ድጎማ የሚጻፉ ብዙ ሪፖርቶች ያንን ያህል አያውቁም።

በካናዳዋ ሃሊፋክስ የሆነው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በዲሴምበር 6 ቀን 1917 ጥይትና ፈንጂ የጫነች መርከብ ወደብ ላይ ፈንድታ ከ1,700 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሳሙኤል ፕሪንስ የተባለ ቄስ በ1920 ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ አደጋና ስለ ማኅበራዊ ለውጥ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ምሁራዊ ጥናቶች አንዱ ሆነ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የከተማዪቱ የእርዳታ ኮሚሽን ነው። በ1918 ተቋቁሞ የተዘጋው በ1976 ነው። ለተጎጂዎች ጡረታ ይከፍል ስለነበር የሰዎቹን ኑሮ ለ58 ዓመት ለማወቅ ተገደደ። ማንም «ክትትልና ግምገማ» ብሎ አልጠራውም፤ የሚከፍሉትን ሰው ግን አይረሱትም።

አሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ለክፍለ ግዛቶችና ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚሰጠውን የአደጋ እርዳታ በቋሚ ሕግ ያሰፈረችው በ1950 ነው። ገንዘቡ ከበረከተ በኋላ ምሁራን በቁጥር ሊፈትሹት ተነሡ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ብዙዎችን አስደነገጠ። ፍሪዘማና ባልደረቦቹ በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ አራት ከተሞችን መረመሩ፤ ዩባ ሲቲ፣ ጋልቬስተን፣ ኮንዌይና ቶፒካ። አደጋው ከመድረሱ በፊትም ሆነ ከደረሰ በኋላ ያለውን የሥራና የንግድ አኃዝ በተከታታይ ሲያዩት የረዥም ጊዜ ጠባሳ አላገኙም። በዚያው ዓመት ራይት፣ ሮሲና ጓደኞቻቸው የአገሪቱን ካውንቲዎችና የቆጠራ ቀጣናዎች በሙሉ መርምረው ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ። አደጋው ቁጥሩ ውስጥ የለም! እንግዲያው ድጎማው ምን ሊያደርግ ነው?

ሒሳቡ ስሕተት አልነበረም። አንድ አውሎ ነፋስ አንድ ሰፈር ሲጠርግ የካውንቲው አማካይ እምብዛም አይነቃነቅም፤ የፈረሰው የአንዱ ሱቅ ገበያ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፤ ግንበኛው ሥራ ይበዛለታል፤ ድምሩ እንደነበረ ይቆያል። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1848 ጦርነት ያወደማቸው አገሮች ቶሎ የሚያገግሙት ለምን እንደሆነ ሲያብራራ ሀብት ሁልጊዜም እየተበላ እንደገና እየተመረተ የሚኖር ነገር መሆኑን ጠቁሞ ነበር። ሐሳቡ እውነት ነው። ግን የሚያገግመው «አገሩ» ነው። የሱቁ ባለቤት በዚያ ድምር ውስጥ አለመገኘቱ የሚታየው በስሙ ለፈለገው ብቻ ነው። በ1977 ሃስ፣ ኬትስና ቦውደን ከሳን ፍራንሲስኮ፣ ከአንኮሬጅ፣ ከራፒድ ሲቲና ከማናጓ ተነሥተው መልሶ ግንባታን በአራት ተከታታይ ምዕራፎች የከፈሉት ታዋቂ ሞዴል ቢሆን ስለ ከተማ እንጂ ስለ ሰው አልነበረም።

ወደ ዘመናችን አሠራር ስንመጣ መንገዱ በአንድ ሕግ ያልፋል። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1974 የማኅበረሰብ ልማት ጥቅል ድጎማን አቋቋመ። ዓላማው የድሆችን ሰፈር ማልማት እንጂ አደጋ አልነበረም። ከ1992ቱ አንድሩ አውሎ ነፋስ በኋላ ግን ኮንግረስ በዚያው ቧንቧ የአደጋ ማቋቋሚያ ገንዘብ መላክ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ አደጋ በደረሰ ቁጥር ልዩ በጀት ይጸድቃል፤ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ደንቡን ያወጣል፤ ክፍለ ግዛቱ ወይም ከተማው ዕቅዱን ያቀርባል፤ ከዚያም በየሦስት ወሩ ሪፖርት ያስገባል።

ሪፖርቱ ምን ይቆጥራል? የታደሰ ቤት፣ የተደገፈ የንግድ ድርጅት፣ የተፈጠረ ወይም «የተጠበቀ» የሥራ ቦታ። ከመደበኛው የልማት ድጎማ የወረሰው አንድ መለኪያም አለ፤ ለአንድ የሥራ ቦታ በአማካይ ከ35,000 ዶላር በላይ እንዳይወጣ የሚል። በአደጋ ጊዜ ግን መሥሪያ ቤቱ ይህንን ወሰን ያነሳል፤ ሱቁን ጎርፍ የወሰደበትን ነጋዴ ስንት ሰው ትቀጥራለህ ብሎ መጠየቅ አይመችምና። ጥሩ አደረጉ። የቀረው ግን መለኪያ ሳይሆን ቆጠራ ነው፤ ስንት ሰጠን የሚል። «የተጠበቀ ሥራ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ድጎማው ባይኖር ይጠፋ እንደነበረ ማን ያውቃል? ያ ጥያቄ በተለይ በኒውዮርክ ገዝፎ ታየ። ከሴፕቴምበር 2001 ጥቃት በኋላ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ በዚሁ ጥቅል ድጎማ ወደ ታችኛው ማንሃተን ሄደ። የተወሰነው ለትናንሽ ሱቆች የጠፋ ገቢ ማካካሻ ሆነ። ከፊሉ ደግሞ በሰፈሩ ለመቆየት ቃል ለገቡ ትልልቅ ኩባንያዎች ተከፈለ። ከነሱ አንዳንዶቹ ከፍተኛ ሕንፃ የነበራቸው ናቸው፤ ባይከፈላቸውም የት ሊሄዱ? ተቺዎቹ ይህንን አጥብቀው ጠይቀዋል። በሪፖርቱ ላይ ግን እነዚያ ሁሉ ሥራዎች የድጎማው ፍሬ ተብለው ተቆጥረዋል።

በ1997 በሬድ ሪቨር ጎርፍ የተዋጠችው የአሜሪካዋ ግራንድ ፎርክስ ትንሽ ከተማ ናት፤ 50,000 ያህል ነዋሪ። ጎርፉ ሳይጎድል መሀል ከተማው ላይ እሳት ተነሥቶ 11 ሕንፃ አቃጠለ። በመንግሥት በኩል ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጥቅል ድጎማ ገባ፤ ዕቅድ፣ ስብሰባ፣ ክርክር፣ ኦዲት ተከተለው። በዚያው ሰሞን ስሟን የደበቀች አንዲት ሴት ለተጎዳ ቤተሰብ ሁሉ 2,000 ዶላር ሰጠች። ኋላ የማክዶናልድስ ባለቤት የነበረው ሰው ሚስት ጆአን ክሮክ መሆኗ ታወቀ። ቅጹ ቀላል፣ ክፍያው ፈጣን ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ለክቶ ለሕዝብ የሚነግር ሰው ቢኖር ትልቅ ትምህርት ይሆን ነበር፤ አንደኛው ከነወጪ ማስረጃው ለመንግሥት ቀርቧል፣ ሌላኛው ለማንም ሪፖርት አላደረገም።

ወደ ኒው ኦርሊንስ ስንደርስ ቁጥሩም ክርክሩም ይበዛል። በ2005ቱ ካትሪና አውሎ ነፋስና በተከታዮቹ ምክንያት ኮንግረስ ለሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ክፍለ ግዛቶች ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጥቅል ድጎማ ፈቀደ፤ ከዚያም 13.4 ቢሊዮኑ የሉዊዚያና ነበር። ክፍለ ግዛቱ ለቤት ባለቤቶች ባዘጋጀው «ሮድ ሆም» በተባለ ፕሮግራም አንድ ቤተሰብ እስከ 150,000 ዶላር ያገኝ ነበር። ስሌቱ ከቤቱ የቀድሞ የገበያ ዋጋና ከጥገናው ወጪ አነስተኛውን ይወስዳል። አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት ጎርፍ፣ አንድ ዓይነት የጥገና ወጪ፤ ግን በጥቁሮች ሰፈር ያለው ቤት በገበያ ዋጋው ዝቅ ስላለ የሚሰጠው ድጎማም ዝቅ አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2011 በ62 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ይህንን ልዩነት ያወጣው የየሦስት ወሩ ሪፖርት አልነበረም። ሪፖርቱ ስንት ቼክ እንደተቆረጠ ያውቃል፤ ያ ቼክ ጣሪያውን ለመጨረስ ይበቃ እንደሆነ አያውቅም።

ከዚያው ፕሮግራም ሌላ ገንዘብም ተከፍሎ ነበር፤ ቤታቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው ለሚሠሩ ሰዎች 30,000 ዶላር። በ2013 የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤቱ ዋና ኢንስፔክተር ባወጣው ሪፖርት 24,000 የሚሆኑ ቤተሰቦች፣ በድምሩ ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ወስደው፣ ቤታቸውን ከፍ ማድረጋቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አልነበራቸውም። ጋዜጦች ነገሩን በማጭበርበር ስም አስተጋቡት። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። የመጀመሪያው ድጎማ ለጥገና ያልበቃው ሰው ሁለተኛውን ወስዶ ግድግዳውን ጠገነ። ሁለቱ ታሪኮች የአንድ ቤት ታሪክ ናቸው፤ ኦዲተሩ የያዘው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

በአጎራባቿ ሚሲሲፒ 570 ሚሊዮን ዶላር ከቤት ፕሮግራም ተነሥቶ የገልፍፖርትን ወደብ ለማስፋፋት ተመደበ፤ ማሳመኛው የሥራ ዕድል ነበር። ወደቡ ተሠራ፤ ቃል የተገባው ሥራ ግን ዓመታት አልፈውም ከተባለው በታች ሆነ። ለዚህ ነው የኢኮኖሚ ማቋቋም በሚል ስም የሚወጣ ገንዘብ የልኬቱ ቀን ከግንባታው ቀን ሊለይ የሚገባው። ሲሚንቶ በሁለት ዓመት ይደርቃል፤ ደንበኛ ግን በዐሥር ዓመትም ላይመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ከተማውን ትቶ ሰውን መከተል የሚያመጣው ያልተጠበቀ ውጤት አለ። የኒው ኦርሊንስ ሕዝብ በ2000 ቆጠራ 484,674 ነበር፤ በ2010 ቆጠራ 343,829 ሆነ። ከተማውን ብቻ ላየ ሰው ይህ ሽንፈት ነው። ዴሩጊና፣ ካዋኖና ሌቪት በ2018 ባሳተሙት ጥናት ግን ተጎጂዎቹን በግብር መዝገባቸው እየተከተሉ፣ ሂዩስተን ሄዶ የቀረውንም ጨምረው ሲያዩ፣ ገቢያቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሌሎች ተመሳሳይ ከተሞች ከሚኖሩ ሰዎች ጋር እኩል ሆኖ እንዲያውም በልጦ አገኙት። ሌላ ቡድን ደግሞ፣ በአጋጣሚ ከአውሎ ነፋሱ በፊት ለሌላ ጥናት ተመዝግበው የነበሩ ወጣት እናቶችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ብዙዎቹ የአእምሮ ቁስሉን ተሸክመው እንደሚኖሩ አረጋገጠ። ከተማው ከሰረ፣ ኪሱ ዳነ፣ ልቡ ታመመ። ሦስቱም እውነት ነው። ለአካባቢ አስተዳደር የተሰጠ ድጎማ በየትኛው ይመዘን? ከንቲባው የሄደውን ሰው ደስታ እንደ ራሱ ውጤት አድርጎ ሪፖርት ሊያደርግ አይችልም፤ ግብር የሚከፍለው ሌላ ቦታ ነውና።

ጃፓን ይህንን ጥያቄ ከማንም በላይ አብላልታዋለች። በጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ኮቤን የመታው መንቀጥቀጥ 6,434 ሰው ገደለ። ከአደጋው በፊት ወደቧ በኮንቴይነር ብዛት ከዓለም ስድስተኛ ነበር፤ ያንን ደረጃ ዳግም አልያዘም። ጆርጅ ሆርዊች በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ በዐሥራ አምስት ወር ውስጥ የአካባቢው ፋብሪካዎች ምርት ከሚጠበቀው 98 በመቶ መድረሱን ጠቅሶ የኮቤን ፈጣን ማገገም አደነቀ። ዱፖንትና ኖይ ግን በ2015 ሌላ መንገድ ያዙ። ከሌሎች የጃፓን ግዛቶች አኃዝ አዋጥተው፣ መንቀጥቀጥ ያልደረሰባት ኮቤ ምን ትመስል እንደነበር በስሌት ሠሩ። ከዚያች ምናባዊ ኮቤ ጋር ሲያነጻጽሯት፣ የእውነተኛዋ የነፍስ ወከፍ ገቢ በ2008 በ12 በመቶ፣ ወደ 500,000 የን ያህል፣ ዝቅ ብሎ ተገኘ። አንዱ ከትላንት ጋር አነጻጸረ፤ ሌላው ሊሆን ይችል ከነበረው ጋር። አንዱ በዐሥራ አምስት ወር አቆመ፤ ሌላው ዐሥራ ሦስት ዓመት ታገሠ።

የከተማው አስተዳደር ራሱ በ1999 ነዋሪዎችን ሰብስቦ «መቋቋም ለእናንተ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከ1,600 በላይ ካርዶች ተጽፈው ተመደቡ፤ ከሰባት ርእሶች ላይኛውን ቦታ የያዙት መኖሪያ ቤትና ማኅበራዊ ትስስር ነበሩ። ገቢና ሥራ ከእነሱ በታች ሆኑ። በጊዜያዊ መጠለያ ሰፈሮች ብቻቸውን የሞቱ አረጋውያን የጋዜጣ ርእስ በሆኑበት ዘመን ይህ አያስገርምም። ሕዮጎ ክፍለ ግዛት በእነዚያ ርእሶች ላይ ተመሥርቶ የኑሮ ጥናት ደጋግሞ አካሂዷል። ሕዝቡ የመረጠውን መለኪያ አስተዳደሩ ተቀበለ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ ብዙም አላየሁም።

በ2011ዱ የቶሆኩ ሱናሚ ደግሞ ጃፓን ተባብረው ለሚነሡ አነስተኛ ድርጅቶች የጥገናቸውን ሦስት አራተኛ ወጪ ሸፈነች፤ ግማሹን ከማዕከሉ፣ ሩቡን ከክፍለ ግዛቱ። የአካባቢው የኢኮኖሚ ቢሮ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ድጎማ የወሰዱትን ድርጅቶች ሽያጫቸው ከአደጋው በፊት ወደነበረበት ተመልሶ እንደሆነ ይጠይቅ ጀመር። ዓመታት አልፈውም ተመልሷል ያሉት ከግማሽ በታች ነበሩ፤ በተለይ ዓሣ አዘጋጅተው የሚሸጡት ወደ ኋላ ቀሩ። ፋብሪካው አዲስ ነው፣ ማሽኑ አዲስ ነው፤ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ግን ሱፐርማርኬቱ ከሌላ አቅራቢ ጋር ተዋውሏል። የማይመች ውጤት በየዓመቱ አሳትሞ ማውጣት ድፍረት ይጠይቃል።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ሁሉ ድጎማው ከተሰጠ በኋላ የተደረጉ ፍለጋዎች ናቸው። በስሪላንካ ግን ድጎማው ራሱ እንደ ሙከራ ተሰጠ። ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ደ ሜል፣ ማኬንዚና ዉድረፍ በደቡባዊው የባሕር ዳርቻ ያሉ ጥቃቅን ነጋዴዎችን መዝግበው፣ በዕጣ ለደረሳቸው 10,000 ወይም 20,000 ሩፒ ሰጡ፤ ለሌሎቹ ወዲያው አልሰጡም። ከዚያ ተመላልሰው ትርፋቸውን ጠየቁ። ድጎማው ቸርቻሪዎችን ፈጥኖ አነሣ፤ አምራቾችን ግን ያን ያህል አልረዳም፤ ጥሬ ዕቃ የሚያመጣላቸው መንገድና አቅራቢ ገና አልተመለሰምና። ዕጣ ማውጣት በአደጋ መካከል ጭካኔ ይመስላል፤ ገንዘቡ ለሁሉም በማይበቃበት ቦታ ግን በወንድምና በዘመድ ከማደል ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ከመንቀጥቀጥ ይልቅ የድርቅና የጦርነት ነው። መንግሥት በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን ያቋቋመው የወሎ ረሃብ ካጋለጠው በኋላ ነው። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ግን ከዚያ ከፍቶ መጣ። ያንን ተከትሎ በ1981 ዓ.ም. በጥቂት መንደሮች የተጀመረ የቤተሰብ ጥናት ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዐሥራ አምስት መንደሮች ሰፋ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ እስከ 2001 ዓ.ም. እዚያው ቤተሰቦች ዘንድ ተመላለሰ። ድንኪ፣ የትመን፣ ሹምሽሃ፣ ኢምድብር፤ እነዚህ ስሞች በዓለም የልማት ኢኮኖሚክስ ጽሑፎች ውስጥ ከብዙ ዋና ከተሞች ይልቅ የታወቁ ናቸው። ስቴፋን ዴርኮን ከዚሁ መረጃ ተነሥቶ፣ በረሃቡ የበለጠ የተጎዱ ቤተሰቦች ከዐሥር ዓመት በኋላም ዕድገታቸው ከሌሎቹ እንዳነሰ አሳየ። የ1979ኞቹ አሜሪካውያን ያላገኙት ጠባሳ እዚህ ተገኘ፤ ከብቱን የሸጠ ገበሬ ኢንሹራንስ የለውም፣ የሚጠይቁት ደግሞ እሱን ራሱን ነው።

በ1997 ዓ.ም. ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ይዞ የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የአደጋ ጊዜ ድጎማ ብቻ አይደለም፤ ሥር የሰደደ የምግብ እጥረትን የሚመለከት ነው። ለአካባቢ አስተዳደሮች ግን ትልቅ ነገር ይዞ መጣ፤ ከመደበኛው በጀት ሌላ ለድንገተኛ ችግር የሚውል መጠባበቂያ በወረዳና በክልል ደረጃ። በመጀመሪያው ዓመት የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። የስኬቱ ዋና ምልክት «ምረቃ» ሆነ፤ ቤተሰቡ ጥሪት አፍርቶ ከፕሮግራሙ ሲወጣ። ክልሉም ወረዳውም ስንት አስመረቃችሁ እየተባሉ ሲጠየቁ ያለ ጊዜያቸው የሚመረቁ ቤተሰቦች በረከቱ። ቁጥሩ ወረዳውን አስመሰገነ፤ በተከታዩ ድርቅ የተመረቀው ሰው እንደገና ለእርዳታ ተሰለፈ።

ፕሮግራሙን ያዳነው ጎን ለጎን የቆመው ሌላ ልኬት ነው። በየሁለት ዓመቱ ገደማ እዚያው ቤተሰቦች ዘንድ የሚመለስ ጥናት ነበር። የመጀመሪያው ውጤት የሚያስደስት አልነበረም፤ ክፍያው በጊዜውና በሙሉ ስላልደረሰ በአማካይ ብዙ ለውጥ አልታየም፤ ከግብርና ድጋፍ ጋር ተጣምሮ ለደረሳቸው ግን ልዩነት ነበረው። ኋላ የታተመው ጥናት ደግሞ አምስት ዓመት የተከፈላቸው ቤተሰቦች አንድ ዓመት ብቻ ከተከፈላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የምግብ እጥረት የሚያዩባቸው ወራት በ1.29 እንደቀነሱ አመለከተ። አንድ ወር ከጥቂት ቀናት። ለባለሥልጣን መግለጫ የሚያኮራ ቁጥር አይደለም። በክረምት ጎተራው ባዶ ለሆነ ቤተሰብ ግን ያ ወር የሚያውቀው ወር ነው።

በሰሜኑ ጦርነትና በሌሎች ግጭቶች ለተጎዱ አካባቢዎች የዓለም ባንክ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የ300 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ አጽድቋል፤ ትግራይን፣ አማራን፣ አፋርን፣ ኦሮሚያንና ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ያካተተ ነው። የውኃ ነጥብ፣ ክሊኒክ፣ ክፍል፣ ድጋፍ ያገኘች ሴት እየተቆጠረ ሪፖርት ይቀርባል። ይህ መሆን ያለበት ነው። ሰው መቋቋሙን ለማወቅ ግን ቀድሞ ምን እንደነበረው ማወቅ ያስፈልጋል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ስለ አንድ ወረዳ ከጦርነቱ በፊት የነበረ ሕዝብ ሲነገር የሚነገረው ትንበያ ነው።

ከቆጠራው የሚሻል አንድ ነገር አለ። የስታቲስቲክስ ተቋሙ ከዓለም ባንክ ጋር የሚያካሂደው የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት በ2011 ዓ.ም. አዲስ ናሙና መርጦ፣ ትግራይን ጨምሮ በሁሉም ክልሎች ያሉ ቤተሰቦችን ከብታቸውን፣ መሬታቸውን፣ ወጪያቸውን፣ ሥራቸውን ጠይቆ መዘገበ። በ2014 ዓ.ም. ወደነዚያው ቤተሰቦች ተመልሶ ሲሄድ ትግራይ መግባት አልቻለም። የ2011 ዓ.ም. መዝገብ ግን አለ። በክልሉ ለሚደረግ ማንኛውም የማቋቋሚያ ድጎማ ከዚህ የሚሻል መነሻ መረጃ አይገኝም፤ ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ጠያቂና የትራንስፖርት በጀት ነው። ከድጎማው ገንዘብ አንድ በመቶውም ለዚህ አይፈጅም።